ዛሪማ ወንዝ ዳር ያሉት ሱቆች

ጎንደር፣ ማለዳ

ገና ጎህ ሲቀድ የአያ ካሳ የጭነት ማኪና ከቅዳሜ ገበያ ተነሳች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ከሹፌሩ ከራሱ ከአያ ካሳ አጠገብ ተጣብበን ተቀምጠናል። የምንሄደው ዛሪማ፣ ወንዝ ዳር ያሉ ሱቆች ልንገዛ ነው። ጣሊያን የሠራቸው፣ በጦርነቱ ጣራቸው የተቃጠለ፣ አሁን ደግሞ ባለቤታቸው አቶ ተሰማ አዲስ ቆርቆሮ ያለበሳቸው ናቸው። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቅቤ ነግጄ ልጆቼን የማሳድግ ሴት ነኝ። ባንኩ ለግዢው ሊያበድረኝ የተስማማው የምንኖርበትን ቤት መያዣ አድርጎ ነው።

"ዕዳሽን ኪራዩ ራሱ ይከፍልልሻል፣ እቴ" ይለኛል ደምሴ። ሻጩን ያገኘልኝ እሱ ነው።

ደባርቅና ሊማሊሞ

ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በስሙኒ የገብስ ዳቦ ገዝተን እዚያው ማኪናው ውስጥ ቆረስን። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። መንገዱ ገደሉ ላይ እየታጠፈ ይወርዳል፤ በመስኮት ብመለከት ከጎማው ሥር መሬት የለም! ጮህኩ።

"ምነው ልጄ?" አለኝ አያ ካሳ። "እኔን እዪ እንጂ ገደሉን አትዪ።"

ድብ ባሕር ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ማኪናዋ ውኃ ጠጣች፤ እኛም ጠጣን።

ዛሪማ፣ ከቀትር በኋላ

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የተቃጠለ ከተማ ነው ሲሉኝ የኖሩት በመዶሻ ድምፅ ይናጋል። አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ከአስመራ የመጡ ማኪኖች ተደርድረዋል፤ ጨው ይወርዳል፣ ሰሊጥ ይጫናል። አንድ ሰው በጎኑ የሚገባበት ሱቅ የጎንደር ፒያሳ ሱቅን ያህል ይከራያል!

አቶ ተሰማ በኖራ የነጡትን ክፍሎች እየዞረ አሳየን። በመጨረሻው ክፍል ዘነበች የምትባል ዳቦ ሻጭ ተከራይታለች፤ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል የታመመች እናቷ ተኝታለች።

"ሸጋ ነው፤ ውሉን እንጻፍ" አለ ደምሴ።

ያን ጊዜ ከወደ ስሜን ተራሮች የሚያጓራ ድምፅ መጣ። በላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው።

"ደራሽ ውኃ! እናቴን! እናቴን አውጡልኝ!" ዘነበች ጮኸች።

ከሁላችን ቀድሞ የሮጠው አቶ ተሰማ ነበር። አሮጊቷን አዝሎ ከበሩ እንደወጣ የጓሮው ግድግዳ ወገቡ ተቆረጠ፤ ቀይ ውኃ አልጋውንም የዱቄቱን ጆንያም ጠርጎ ሄደ። 

አቶ ተሰማ ጭቃ እንደለበሰ መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"እመቤቴ፣ ከእንግዲህ አልደብቅዎትም፤ አምናም ጎርፉ ወስዶት ነበር" አለኝ። "ግድግዳውን መልሼ አቁሜ በኖራ ለቀለቅሁት። ወንድምዎም ያውቃል። ከሽያጩ ድርሻ ልሰጠው ተስማምተናል።"

ጎርፉን ስሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም። ወደ ደምሴ ዞርኩ።

"ልጆቼ የሚያድሩበትን ቤት?"

"በየዓመቱ አይመጣም ብዬ ነው፣ እቴ" አለ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ነጠላዬን አውልቄ አሮጊቷን አለበስኳት። ዘነበች የእናቷን እግር እያሸች "እዚህ ያስገባን ቦታ ማጣት ነው" አለችኝ። "ከመንገዱ በላይ ቤት የሚሠራ ቢገኝ ነገ እንገባ ነበር።"

የመልስ ጉዞ

በማግስቱ ደምሴ ራሱ ፈቅዶ ጭነቱ ላይ ወጣ። ሊማሊሞ አናት ላይ ስንደርስ አያ ካሳ "ወንድም ነው፤ አይጣልም" አለኝ። "ቤትም አይጣልም" አልኩት።

ጎንደር ስንገባ ልጆቼ እኔን አልፈው አጎታቸው አንገት ላይ ተንጠለጠሉ። አልከለከልኳቸውም፤ እራትም አቀረብኩለት። በነጋታው የቤቴን ወረቀት ከባንኩ ላስመልስ ስወጣ ግን "ልከተልሽ?" ቢለኝም፣ ብቻዬን ሄድኩ።