አውቶቡሱን ያስቆመው የሳንባ ምርመራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ሕይወቴ አደጋ ላይ መሆኑን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ሰምቶት ስለነበር ነው። እኔ በመስኮት ጉም እያየሁ ነበር።

ሰዓዳ እባላለሁ። መካነ ሰላም ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። መስከረም ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አዳለጠኝና ወደቅኩ። ቀኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረልኝና ቤት ዋልኩ። ስልኬም አብሮኝ ወድቆ ስለተሰበረ ከዚያ በኋላ የምጠቀመው በባለቤቴ በሰይድ ስልክ ነበር።

አንድ ወር ሊሞላኝ ሲል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ከአልጋ ተነስቼ ወንበር ላይ እስክቀመጥ ዳገት የወጣሁ ያህል አለከልካለሁ። ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል። ሊጠይቀኝ የመጣው ሁሉ ብርድ ነው አለ። የባለቤቴ እናት እማ ሐዋ ብርድ ልብስ እየደረቡልኝ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ኸይር ነው፤ ተቀምጠሽ ስለዋልሽ ነው» ይሉኝ ነበር። ሐኪም ቤት ሄጄ የሳንባ ምች መድኃኒት ተሰጠኝ። እሱን ወስጄ ሳይሻለኝ ሲቀር ሐኪሙ ደሴ ሄጄ ሳንባዬን በሲቲ ስካን እንድታይ ላከኝ።

ሰይድ ልጆቹንና ሱቁን ይዞ ቀረ። እኔና ስልክ የማይዙት እማ ሐዋ ደሴ ሄድን።

ምርመራው እንደፈራሁት አልነበረም። ክንዴ ላይ መድኃኒት ሲሰጡኝ ሙቀት መላ ሰውነቴን ወረረኝ፤ ከዚያ እንደ ትልቅ ቀለበት ባለው መሣሪያ ውስጥ አስገብተው አወጡኝ። አለቀ። ፎቶ ያነሳኝ ባለሙያ፣ «ፎቶውን የምታነበው ሐኪም ጠዋት ነው የምትገባው። ብዙ ሰው ስላለ ውጤቱን ነገ ከሰዓት በቴሌግራም እንልክላችኋለን» አለን። የሰይድን ቁጥር ሰጠሁት።

በዚያ ዕለት ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ዘመድ ቤት አደርንና በማግስቱ ጠዋት የመካነ ሰላምን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሹፌሩ ጀሶዬን አይቶ እግሬን እንድዘረጋበት ከራሱ ወንበር ኋላ አስቀመጠኝ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ሴት ደግሞ የልብስ ጥቅላቸውን ከእግሬ ሥር አደረጉልኝ።

ጉጉፍቱን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የሹፌሩ ስልክ ጠራ። አላነሳውም። ደጋግሞ ሲጠራ ዳር ይዞ ቆመ። ካዳመጠ በኋላ ዞር ብሎ አየኝና፣ «አዎ፣ አለች። እግሯ ጀሶ ነው። እዚሁ አጠገቤ ናት» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋ። «እህቴ፣ ሰዓዳ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ባለቤትሽ ነው። አትደንግጪ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ።

ሰይድ ሲናገር እንደሮጠ ሰው ያለከልካል። «ሰዓዳ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።»

«ምን ሆነሃል?»

«ደሴ ያለችው ሐኪም ደውላ ነበር። ሳንባሽ ውስጥ የረጋ ደም አለ። ከተሰበረው እግርሽ ተነስቶ የሄደ ሳይሆን አይቀርም አለች። በእግርሽ እንዳትራመጂ። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ገብተሽ አሁኑኑ መርፌ ተወጊ።»

ደህና ነኝ አልኩት።

ኋላ እንደሰማሁት ሐኪሟ ስትደውልለት ሰይድ በየትኛው አውቶቡስ እንደተሳፈርን አያውቅም ነበር። ሱቁን ክፍት ትቶ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። ተራ አስከባሪዎቹ በዚያ መስመር የሚሠራውን ሹፌር ሁሉ ስለሚያውቁ ከደሴ ለወጡት አንድ በአንድ ደወሉ። እንደዚያ ነው ያገኙኝ።

ሹፌሩ ስልኩን ተቀብሎኝ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «ወገኖቼ፣ እህታችን ታማለች። እስከ አቀስታ የትም አልቆምም። መንገድ ላይ የሚወርድ ካለ ይቅር ይበለኝ።»

መውረጃቸው ቀረብ ያለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው፣ «ንዳ ልጄ፣ እኔ ከአቀስታ እመለሳለሁ» አሉት።

እማ ሐዋ እጄን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዱዓ ያደርጋሉ። ከኋላዬ ያሉት ሴት ትከሻዬን ያዙና፣ «ማርያም ትድረስልሽ» አሉኝ። እማ ሐዋም «አሚን» አሉ። ለእያንዳንዱ ትንፋሼ ስጠነቀቅ ትዝ ይለኛል። በኃይል ብተነፍስ የሆነ ነገር ከቦታው የሚነቃነቅ መስሎኝ ነበር።

አቀስታ ስንደርስ ሹፌሩ መናኸሪያውን አልፎ አውቶቡሱን እስከ ሆስፒታሉ በር ነዳው። ወንዶቹ ተሸክመው አወረዱኝ፤ አንዱ ጀሶዬን ብቻ ይዞ ነበር። ሐኪሞቹ ከደሴ ተደውሎላቸው ስለነበር ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ሆዴ ላይ ወጉኝ፣ ኦክስጅን አደረጉልኝና በአምቡላንስ ወደ ደሴ መለሱኝ። አምቡላንሱ ሲወጣ በመስታወቱ በኩል ተሳፋሪዎቹን አየኋቸው። አውቶቡሱ ጥግ ቆመዋል። ማንም ቆዩ አላላቸውም፤ ግን አልሄዱም።

ደሴ ተኝቼ ትንሽ ሲሻለኝ ያቺ ሐኪም ልታየኝ መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። የሳንባዬን ፎቶ በስልኳ ይዛ ነበር። ነጭ ሆነው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የዘረጉትን የደም ሥሮች አሳየችኝ። በአንደኛው ቅርንጫፍ ውስጥ ጠቆር ያለ ነገር ተሰክቷል፤ ዙሪያውን ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

«ይህን ያሰመርሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«አይደለሁም። በሙከራ ላይ ያለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አለን። አንድ ፎቶ እንደተነሳ እሱ ቀድሞ ያየዋል። የረጋ ደም የመሰለው ነገር ካገኘ ከሁሉም ፊት ያመጣልኛል። ያንቺ ፎቶ ተራው መጨረሻ ላይ ነበር፤ በወረፋው ቢሆን ከሰዓት ነበር የማየው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት ግን መጀመሪያ ያገኘሁት ያንቺን ነው።»

ከሰዓት ቢሆን ኖሮ ቤቴ ገብቼ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ፣ በክራንች ዳገቱን ወጥቼ።

«እኔ የተላክሁት ግን ለሳንባ ምች ነበር» አልኳት።

«እሱ ለምን እንደተላክሽ አያውቅም። የሚፈልገው የረጋ ደም ብቻ ነው።» ከዚያ ጣቷን ወደ ሌላ ቀይ መስመር ወሰደች። «እዚህ ጋ ደግሞ ተሳስቷል። ይህ የረጋ ደም አይደለም፤ ስትተነፍሺ ፎቶው ትንሽ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ለዚህ ነው እኔ ሳላረጋግጥ ለማንም የማይደወለው።»

እማ ሐዋ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። «ልጄ፣ ይህ ነገር ሌሊትም ያያል? አይደክመውም?» ብለው ጠየቋት።

«አይደክመውም እማማ። ግን እንዳዩት ይሳሳታል።»

«እንግዲያስ አንቺንም አላህ አያድክምሽ» አሏት።

ሐኪሟ ሳቀች። ልትወጣ ስትል ግን ቆም አለችና፣ «ፎቶውን አይቼ ማረጋገጡ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። ባለቤትሽ መንገድ ላይ ናት ሲለኝ ነው የፈራሁት» አለችኝ።

ደም የሚያቀጥነውን ኪኒን ለወራት ወሰድኩ። እግሬም ዳነ፤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ፤ አልሃምዱሊላህ። ሰው ስለ ማሽኑ ሲጠይቀኝ ሐኪሟ የነገረችኝን እናገራለሁ። አንዳንዱ አያምነኝም፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሐኪም ይበልጣል ማለት ነው ይለኛል። ሁለቱንም እንደ ሐኪሟ አድርጌ ማስረዳት አልችልም። የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያ ቀይ መስመር ኮምፒውተር ላይ ብቻውን ቢቀር ኖሮ ለእኔ ምንም አያደርግልኝም ነበር።

በቅርቡ በገበያ ቀን ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት ሴት ክንዴን ያዙኝ። ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ። «አንቺ፣ የአውቶቡሷ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ።

የልብስ ጥቅላቸውን ከእግሬ ሥር ያደረጉልኝ ሴት ናቸው። ወርቄ ይባላሉ።

«አለሽ እንዴ?» አሉኝ ጉንጬን እየዳሰሱ። «እኛኮ ያንን ነገር አፍንጫሽ ላይ አድርገውልሽ ስትወጪ አይተን፣ አለፈች ብለን ነበር። እዚህ እስክንገባ ስናዝንልሽ መጣን። ማንን እንጠይቅ? ሰፈርሽን አናውቅ።»

ሆስፒታል ውስጥ አላለቀስኩም ነበር። ያኔ ግን እንባዬ መጣ። የማላውቃቸው ሰዎች እኔ ልጆቼን እያስተማርኩ ሳለሁ አዝነውልኛል፤ እኔም አለሁ ብዬ የላክሁላቸው መልእክት የለም።

እትዬ ወርቄ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «በይ ነይ» አሉኝ፣ «ሹፌሩ ዛሬ እዚሁ ነው ያደረው። በዓይኑ ይይሽ።»

ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ተከተልኳቸው። ሹፌሩ አውቶቡሱ ደጃፍ ቆሞ ዕቃ ይጭን ነበር። አየኝ፤ መጀመሪያ አላወቀኝም። ከዚያ ወደ እግሬ ተመለከተና እንደ ጤነኛ ሰው መቆሜን ሲያይ፣ መንገደኛውን «አንዴ ቆዩኝ» ብሎ ዕቃውን መሬት አስቀመጠው።