ፊሽካውን የነፋው

መቱ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ጎሚስታ አለ። ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተንፍሶ እዚያ ቆምን። ጎሚስታው የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ ነፍቶ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ፣ የረጠበው ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሳላውቀው ጥርሴን ነክሼ ኖሮ ሹፌሩ፣ "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

አላመመኝም። ያ ሽታ የአሥራ ሁለት ዓመቴ ክረምት ሽታ ነው። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል፤ እኔ ያን ክረምት ሳስታውስ ደሜ ይፈላል። አትታዘቡኝ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ያን ክረምት አያቴ ልጆቿን ሁሉ ጠራች። ዓይኗ እየደከመ ነበርና፣ "ፊታችሁን ሳልረሳ አንድ ላይ ልያችሁ" ብላ ደብዳቤ አስጽፋ ላከች። ቤቷ ከመቱ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን ቡና የከበበው ሰፊ ግቢ ነበር። ታላቅ አክስቴ ከባሏና ከአንድ ልጇ ጋር ከአዲስ አበባ መጣች። ዘመዶቻችን ከጎሬና ከኖፓ በጭቃው እየተንሸራተቱ፣ ዶሮና ማር ይዘው ይመላለሱ ጀመር። እኔና ወላጆቼ እዚያው መቱ ስለምንኖር፣ ፍራሻችንን ይዘን ግቢው ውስጥ ከተትን። ማታ ማታ ልጆች ወለል ላይ ተደርድረን ስንተኛ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ እንኳ አንሰማማም ነበር።

በመጨረሻ የመጣው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ምጽዋ የባሕር ወታደር ነበር። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን እሱም አብሮ ተበተነ፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደሚውል በቤተሰቡ ውስጥ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። ከመናኸሪያ በእግሩ መጣ። በአንድ እጁ የሸራ ሻንጣ ይዟል፤ አንገቱ ላይ የተነፋ የጭነት መኪና ካላማዳሪ አጥልቋል፤ ደረቱ ላይ ደግሞ በጥቁር ክር የታሰረ የብረት ፊሽካ ተንጠልጥሏል። ልጆች ከበብነው። አክስቴ ከበረንዳው ሆና አየችውና፣ "አሁንም እንደ ሕፃን ጎማ ያነግታል" አለች። ሳቀች እንጂ ተነሥታ አልሳመችውም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወንዙ ወሰደን። ከቡናው ግርጌ የሚያልፍ ትንሽ ወንዝ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ጸጥ ያለ ኩሬ ይሠራል። አጎቴ በረጅም ቀርከሃ ጥልቀቱን ለካና ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጠረ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር የምንዋኘው ጠዋት ብቻ ነው፤ ፊሽካ ሳይነፋ ማንም እግሩን ውሃ ውስጥ አይከትም፣ ከተነፋ ግን ማንም አያመነታም።

እኔን ያስተማረኝ መጀመሪያ በጀርባዬ መንሳፈፍ ነው። መዳፉን ማጅራቴ ሥር አድርጎ፣ "ጆሮሽ ውሃ ይግባበት፣ ግድ የለም፤ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ" ይለኝ ነበር። ውሃው ቅጠል ቅጠል ይሸታል። ጆሮዬ ሲሰጥም የዓለም ድምፅ ሁሉ ይጠፋና የራሴ ትንፋሽ ብቻ ይቀራል፤ ከላይ በዛፎቹ መካከል ብርሃን ይንጠባጠባል። አንድ ቀን መዳፉን መቼ እንዳነሣው ሳላውቅ ብቻዬን ተንሳፍፌ ተገኘሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከልጆቹ ሁሉ የምፈጥነው እኔ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሁሉ የሚዘገየው። አሥር ዓመቱ ነው፤ እጁ ጎበዝ፣ እግሩ ሰነፍ። አጎቴ ካላማዳሪውን ሳይዝ እንዳይገባ አዘዘው እንጂ አንድም ቀን አልሳቀበትም።

አሁን ወደ አክስቴ ባል ልምጣ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ፊት ለፊት ዛሬም አንቱ ነው የምለው። ለእናንተ ስነግር ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም። በአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ እኛም ግቢ ሲገባ ኃላፊነቱን አልተወውም። ማን የት እንደሚተኛ፣ በግ መቼ እንደሚታረድ፣ ልጆች ስንት ሰዓት እንደሚነሡ የሚወስነው እሱ ሆነ። እንግዶቹ ለሚሸኙበት ቀን የልጆች ውድድር አሰናዳ፤ ሩጫ፣ የጆንያ ዝላይ፣ ገመድ ጉተታ፣ በመጨረሻም ዋና። ለሽልማት ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ቦርሳዎች በረንዳው ላይ ተደረደሩ። ለእናቴ ደግሞ አንድ ነገር ብሏት ነበር፤ "ይህቺ ልጅ ጭንቅላት አላት። መስከረም ላይ ወስደን እናስተምራታለን።" እናቴ ያን ቀን ስትሄድ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። እኔም እንዲሁ።

በሽኝቱ ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ሩጫውን የጎሬው ዘመዳችን ልጅ አሸነፈ፣ በጆንያ ዝላዩ ሁላችንም ጭቃ ላይ ተንከባለልን፣ ሳቁ ለጉድ ነበር። ጠዋት እንዲጀመር የታሰበው ዋና ግን ንግግር ሲበዛ፣ ምሳ ሲዘገይ፣ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ወደ ወንዙ ስንወርድ የአክስቴ ባል ሴቶች አይዋኙም አለ። "ሴቶቹ ገመድ ይዝለሉ፣ እንግዳ ፊት ነውር ነው።" አጎቴ፣ "ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት" ብሎ ተከራከረ። የሰማው የለም። እኔ ዳር ላይ ቆመሽ የወንዶቹን ልብስ ያዥ ተባልኩ። እንባዬን እየዋጥኩ አምስት ሸሚዝና አምስት ሱሪ ታቀፍኩ።

አጎቴ ውሃውን አየ። ከላይ በጫካው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጠዋት የጠራው ውሃ ሸክላ መስሏል፤ ገለባና ቅጠል እያሽከረከረ ይወርዳል። እስከ ወገቡ ገብቶ ቆመና ተመልሶ ወጣ።

"ዛሬ አይሆንም" አለ። "ከላይ ዘንቧል። ውሃው እየመጣ ነው።"

የአክስቴ ባል ወደ እንግዶቹ ዞሮ ፈገግ አለ። "ይህን ሁሉ ሰው አምጥተን? ልጆቹን ወር ሙሉ ምን ስታስተምራቸው ከረምክ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ውሃ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።"

አንድ ሰው ሳቀ። አጎቴ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ በታቀፍኩት የልብስ ክምር ላይ አስቀመጠና፣ ጎርፉ እንዳይወስድበት ገመዱን ሊፈታ ወደ ላይኛው ዛፍ ሄደ። ወንዶቹ ራቁታቸውን በመስመር ቆመው ብርድ እያንቀጠቀጣቸው ነበር። የአክስቴ ባል ወደ እኔ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ፊሽካውን አነሣ። አጠገቤ ነበር፤ የሽቶው ሽታ ይመጣብኛል። ሰው ሁሉ ውሃውን ሲያይ ነፋው።

ልጆቹ አላመነቱም። እንዲያ ነበር የተማሩት።

አራቱ ወዲያው የዛፍ ሥር ይዘው ወጡ። የአክስቴ ልጅ ካላማዳሪ አልያዘም ነበር። ራሱ አንዴ ታየ፣ ሁለተኛ ታየ፣ ከዚያ እጁ ብቻ። አጎቴ ከነልብሱ ዘለለ። ጩኸቱን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሁሉ ጸጥ አለብኝ። ታች መታጠፊያው ላይ የወደቀ ዛፍ ነበር፣ እዚያ ደረሰበት። ውሃው ከግንዱ ጋር ሲያጋጫቸው፣ ልጁን እንዳይመታው ትከሻውን ሰጠው። ልጁን በአንድ እጁ እየጎተተ ወጣ፤ ሌላኛው እጁ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጁን በሆዱ አስተኝቶ ውሃውን አስተፋው። ልጁ ሲያለቅስ አክስቴ ወደቀች።

በዚያ ትርምስ መሐል አንድ ቀዝቃዛ ነገር መዳፌ ውስጥ ገባ። የአክስቴ ባል ነበር። ፊሽካውን አስይዞኝ ጣቶቼን በእጁ አጠፋቸው። ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ።

ማታ ሳሎን ተሰበሰቡ። አክስቴ፣ "ይህ ሰካራም ልጄን ሊገድልብኝ ነበር" አለች። አጎቴ እንደማንኛውም ሰው ማታ አንድ ሁለት መለኪያ ይጠጣል፤ ያን ቀን ግን ጠብታ አልቀመሰም። እጁ በአያቴ ነጠላ ታስሮ ጥግ ተቀምጧል። "እኔ አልነፋሁም" አለ። "የነፋውን ያየ ይናገር።" ወደ እኔ አልተመለከተም። ይህ ነው ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ፤ ቢያየኝ እንደምጨነቅ አውቆ ሆን ብሎ ወለሉን አየ።

አባቴ እጄን ፈልቅቆ ፊሽካውን አወጣ። "የማን ነው?"

"የአጎቴ ነው" አልኩ።

እውነት ነው፣ የአጎቴ ነበር። ከዚያ የከፋ ውሸት ግን በሕይወቴ አልተናገርኩም። እናቴ እያየችኝ ነበር፤ እኔም መስከረምን እያሰብኩ ነበር።

አጎቴ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄደ። አንድ እጁ ታስሮ፣ በሌላው የሸራ ሻንጣውን ይዞ። ወደ መናኸሪያ የሸኘው ሰው የለም። እኔን ደግሞ መስከረም ላይ ማንም አልወሰደኝም። "ለከርሞ" ተባለ፤ ከርሞም አልመጣም። አፌን የዘጋሁበት ዋጋ እንኳ አልተሰጠኝም።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ እሺ። ግን ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር፣ በሰርግም በለቅሶም፣ ያ ወሬ ይነሣል። ሰካራሙ ወንድም ልጆቹን ጎርፍ ውስጥ እንደከተተ። በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ መጨረሻ ላይማ የአክስቴ ባል ራሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ልጁን የተቀበለ ሆነ። ሱሪው እንኳ አልረጠበም ነበር።

የአያቴ ሙት ዓመት ዕለት ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሰው ሞልቷል። የአክስቴ ባል እንደ ልማዱ ያንኑ ወሬ ጀመረ። ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ትሪውን አስቀመጥኩ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ፊሽካውን የነፉት እርስዎ ነዎት። አጠገብዎ ነበርኩ።"

አክስቴ፣ የልጅነት ሕልም ነው፣ ያን ቀን ደንግጣ ነበር ብላ ለሰዎቹ ማስረዳት ጀመረች። እሱ ውሃ ጠጣ። ልጁ፣ ያ ከጎርፍ የወጣው፣ አሁን ወጣት ሆኖ ተቀምጦ አባቱን ብቻ ያይ ነበር። አባቴ ክንዴን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

"አውቃለሁ" አለኝ። "ያኔም አውቅ ነበር። ወንድሜ ውሸት አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እህቴ ናት። ቤቷን ላፍርስ? ወንድሜ ለብቻው ነው፣ ይችለዋል ብዬ።"

ይችለዋል። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም። ሚስት ስለሌለው፣ ቤት ስለሌለው፣ ስሙ የእኛ መረማመጃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አባቴን እወደው ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን እንደ ድሮው ልወደው አልቻልኩም። የባሰው ደግሞ ልፈርድበት አለመቻሌ ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ነበርና።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ በጎሬ በኩል ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ወረድኩ። ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጠቀለለብኝ። አጎቴ እዚያ የጀልባ ሞተር እየጠገነ እንደሚኖር ሰምቼ ነበር። ባሮ ዳር፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ግራ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሣም፤ ሲያቅፈኝ በአንድ እጁ ብቻ አቀፈኝ።

ለዓመታት የተዘጋጀሁበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። እንዳየሁ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ፣ መስከረምን ተስፋ እንዳደረግሁ። ካርቡራተር እየጠረገ አዳመጠኝ።

"ልጅ ነበርሽ" አለ።

እንዲቆጣኝ ነበር የመጣሁት። ቢቆጣ፣ ቢሰድበኝ፣ "ከፊቴ ጥፊ" ቢለኝ ቀለል ይለኝ ነበር። "አትናደድም?" ብዬ ጮህኩበት። ጨርቁን አስቀመጠ።

"ተናድጄ ነበር። ረጅም ጊዜ። ኋላ ብቻዬን እንደምናደድ ገባኝ፤ እነሱ እንቅልፋቸውን ይተኛሉ።" ከዚያ፣ "ልጁስ? እግሩ ጠነከረለት?" ሲል ጠየቀኝ። መሐንዲስ ሊሆን እንደተቃረበ ስነግረው ፊቱ በራ። እኔ ግን በዚያ ፈገግታም ተናደድኩ። ዛሬም እንደተናደድኩ ነው፤ እሱ የተወውን ቁጣ እኔ የወረስኩት ይመስለኛል።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኝ። ቦርሳዬን በደኅናው እጁ ይዞ ወደ ሚኒባሱ ተጠጋና ረዳቱን ጠራው። ረዳቱ ትውውቅ ያለው ሰው ነው መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ እንግዳ አለዎት እንዴ? ማን ናት?" አለው።

የወንድሜ ልጅ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

"ልጄ ናት" አለ አጎቴ። "በመስኮቱ በኩል አስቀምጣት፣ አየር ትፈልጋለች።"

ሚኒባሱ ዳገቱን እስኪጀምር ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላገኘሁትም።