ዘርፉ ያልተቋጨ ጋቢ

የተነሣሁት ክረምቱ ሳይገባ ጋቢ ለማሸመን ነበር። ታናሽ ወንድሜ አያሌው ከአርበኞች ጋር ዱር ከገባ ወዲህ እናታችን እንዝርቷን ከእጇ አላወረደችም። ጎረቤቶቻችን ገበያ የሞላውን የጣሊያን ብርድ ልብስ ግዢለት ቢሏት፣ ቀን እያሳደዱት ማታ የእነሱን ልብስ ሊለብስ ነው ወይ ብላ ዘጋቻቸው። የአገራችንን ሸማኔ ደግሞ ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ አፍሰው ወስደውታል። ስለዚህ ፈትሏን በአቁማዳ ይዤ፣ ለሸማኔው አንድ ቅል ማር ጨምሬ፣ ኋላ ፍኖተ ሰላም ከተባለችው ከወጀት በማለዳ ወጣሁ።

ማንኩሳ

የጣሊያን መንገድ ሰፊ ነው ይላሉ። ለካሚዮን ይሁን፤ ለእግረኛ ግን ጠጠርና አቧራ ነው። ካሚዮን በመጣ ቁጥር እየሸሸሁ የገባሁበት ማሳ ሁሉ ጦም ያደረ ነው። ማንኩሳ ስደርስ ባንዳዎች አስቆሙኝ። አንዱ አቁማዳዬን መሬት ላይ ዘርግፎ ልቃቂቱን በእግሩ እያንከባለለ ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሠርጌ ነው አልኩት። የሠርግ ዕድሜዬ ማለፉን አየና ስቆ ለቀቀኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ክሩን እያራገፍኩ ስጠቀልል አለቀስኩ። በሶዬንም ሳልቀምስ ተነሣሁ።

ቡሬ

አያ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ሸማኔ ከገበያው ጀርባ ይኖራሉ። ፈትሉን በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው፣ ድሩ ጠንካራ ማጉ ለስላሳ መሆኑን አመስግነው፣ የማን መግነዝ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«መግነዝ አይደለም፣ አያ። ለወንድሜ ጋቢ ነው። በሕይወት አለ።»

ፈትሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ለሕያው ከሸመንሁ ሰነበትሁ፣ ልጄ። ጣሊያን ከገባ ወዲያ ይህ እጄ ሬሳ ሲያለብስ ነው የኖረ።»

ማሩን ተቀብለው በማግስቱ ጀመሩ። እኔም ከባለቤታቸው ጋር ማግ እየጠቀለልኩ ሰነበትኩ። መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል ስሰማ ሆዴ ውስጥ የከረመው ፍርሃት ረገብ ይላል። አያ እንድሪስም ከመሸመኛ ጉድጓዳቸው ሆነው ያንጎራጉራሉ፤ ባለቤታቸው እንዲህ ሲያንጎራጉሩ ከሰሙ መክረማቸውን ነገሩኝ። እኔም ሞኟ አገሩ የዳነ መሰለኝ። ጋቢው አልቆ ሲወርድ እንደ ደንቡ የጫፉን ክር፣ ዘርፉን፣ ሳይቋጩ ሰጡኝ፤ ያ የእናት ሥራ ነው።

ወጀት

ጋቢውን ከቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ ጠምጥሜ በማሳ ለማሳ ተመለስኩ። የለቅሶው ድምፅ የተሰማኝ ከሩቅ ነው። ከእኛ ግቢ እንዳይሆን እየለመንኩ ሄድኩ፤ ከእኛ ግቢ ነበር። አክስቴ ከደጅ ተቀበለችኝና እኔ ቡሬ ሳለሁ አያሌው ተመትቶ መሞቱን፣ ጓደኞቹ ተኩስ ስለበዛባቸው ሳይገንዙት እንዲሁ አፈር እንዳለበሱት ነገረችኝ።

እናቴ ፊቷን ነጭታ ነጭታ ደም በደም ሆናለች። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ላይ የሚዘረጋው የሟች ልብስ ነው፤ የእሱ ልብስ ሁሉ ደግሞ ዱር ቀርቷል። ጋቢውን ከወገቤ ስፈታ አየችና ተቀበለችኝ።

«ውኃ አምጡልኝ» አለች። «ዘርፉ ሳይቋጭ ለልጄ አልዘረጋም።»

ጣቷን ውኃ ውስጥ እየነከረች ትቋጭ ጀመር። እኔም በሌላው ጫፍ ተቀምጬ ቋጨሁ። የእጅ ሥራ ያጽናናል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔን ምንም አላጽናናኝም። ወንድሜ አልተመለሰም፣ ጋቢውም አላሞቀውም፣ መግነዝ እንኳ አልሆነለትም። ከዚያ ሁሉ መንገድ የተረፈኝ ነገር ቢኖር እናቴ ክር እስከያዘች ድረስ ፊቷን እንደማትነጭ ማየቴ ነው።

በእሷ በኩል ያለው ዘርፍ አለቀ። እጇ ወደ ፊቷ ሄደ።

ቶሎ ብዬ እኔ የቋጨሁትን አንዱን ፈታሁ።

«እማ፣ ይቺ ላልታለች» አልኳት።

እጇን መለሰችና ክሩን ተቀበለችኝ። እስኪመሽ ድረስ እየፈታሁ ሰጠኋት።