የጀልባዋን ካሜራ ለመዝጋት ወደ መካነ ሰላም

ማክሰኞ ንጋት፣ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ነው፤ ዛሬ የተጠራሁት ግን ለቢሮ ሳይሆን ለጀልባ ነው። የማውቃት ቶይባ ከሳዑዲ ተመልሳ የገዛቻት የሞተር ጀልባ ከወሎ ቦረና አባይን ወደ ጎጃም ሰው ታሻግራለች። ቶይባ መካነ ሰላም ተቀምጣ የሞተሩን ሙቀት፣ ነዳጁንና ተሳፋሪውን በስልኳ እንድታይ፣ ሲም ካርድ ያለው ሳጥንና ካሜራ አስገጥማ ነበር። ሰሞኑን ከዚያ ካሜራ የወጣ፣ አንዲት ተሳፋሪን ያዋረደ ቪዲዮ አገሩን አዳርሷል።

"ወንድሜ ድረስልኝ፤ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ" ብላኛለች።

ረፋድ፣ አቀስታ

ጭጋግ፣ የገብስ ማሳ፣ በርኖስ የደረበ ሽማግሌ በበቅሎ። ትኩስ ዳቦ በሻይ እየበላን ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ሳቀ።

"የጀልባዋ ቪዲዮ? እኔም ጋ አለ እኮ! ላሳይህ?"

እጁን ያዝኩት። "እህትህ ብትሆንስ?"

ሳቁ ጠፋ፤ ቪዲዮውን ሲያጠፋ ግን አላየሁም።

ረቡዕ፣ አባይ ዳር

ከቶይባ ጋር በአይሱዙ ቁልቁል ወረድን። አቧራ፣ ጥምዝምዝ፣ ከታች ደግሞ ሙቀት እንደ ምድጃ። ሳጥኑን ሳየው ደሜ ፈላ። የይለፍ ቃሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ ያውም ጎኑ ላይ ታትሟል። አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ ያነበዋል፤ ያነበበ ሁሉ ካሻው ቦታ ሆኖ ካሜራውን ይከፍታል። የገጠመው ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ።

"ለገጠር ጀልባ ምን ጥበቃ ያስፈልጋል?" አለኝ።

"የሚሳፈርባት ሰው አይደለም?" ብዬ ጮህኩ። ዘጋብኝ።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ከውጭ የሚያስገባውን ሁሉ ዘግቼ ለቶይባ ስልክ ብቻ ፈቀድኩ። ሙቀቱና ነዳጁ ከሩቅ መታየታቸውን ይቀጥላሉ። ካሜራውን ግን "ንቀልልኝ፤ ወላሂ አልፈልገውም" አለችኝ፤ ነቀልኩት።

ሐሙስ

ባንቻምላክ የቄስ ሚስት ናት። ከጀልባዋ ስትወርድ አንሸራቷት ውሃ ውስጥ ወደቀች፤ ልብሷ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ስትነሳ ያለውን ነው የሳቅ ድምፅ ጨምረው የተቀባበሉት። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄደችም።

ቶይባ ባንቻምላክ ደጅ ላይ ጎንበስ አለች። "አፉ በይኝ እታለም።"

"አፉ ብዬሻለሁ" አለች ባንቻምላክ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አሁን ተዘግቷል?"

"ተዘግቷል።"

"ሰው ስልክ ውስጥ ያለውስ?"

"እሱን አልችልም።" እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ የሠራሁት ጥፋት ግን አልነበረም። ንዴቱም እዚያው ላይ ነው፤ አጥፊዎቹ አንዳቸውም አላፈሩም።

ነጠላዋን አነሳች። "እናቴ ጎጃም ታማ ተኝታለች። እስከ መቼ ሳልጠይቃት ልቅር?"

አብረናት ወርደን መሻገሪያው ላይ ስንደርስ ጎረምሶች አይተዋት ተጠቃቀሱ። አንዱ ስልኩን መዘዘ።

"ስልክ ያወጣ ጀልባዬ ላይ አይሳፈርም!" አለች ቶይባ። ጎረምሳው ሊከራከር ዞር ሲል ከኋላው ያሉ ሽማግሌ "ክተት አንተ!" ብለው ገሠጹት። ከተተው።

ሞተሩ ተነሳ። ወዲያ ማዶ ስንደርስ ቶይባ ቀድማ ውሃው ውስጥ ወርዳ እጇን ዘረጋች። ባንቻምላክ ያዘቻት፤ ዳር ወጣችና ዳገቱን ተያያዘችው።