ሪማ የተደበቀችበት ቁም ሣጥን

ትናንት ብርድ ልብስ ላወጣ ቁም ሣጥኑን ስከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝና፣ ሃምሳ ልደፍን የተቃረብኩት ሴትዮ እንደ ልጅ በሩን ይዤ ቀረሁ።

ያ ሽታ ለእኔ ቤይሩት ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም የግድግዳው የጥይት ቀዳዳ ያልተደፈነ፣ አሽራፊዬ በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት። በቤት ሠራተኝነት ስገባ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማዳሜ የሰባት ዓመት ልጇን ሪማን ለእኔ ትታ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ሥራ ትሄዳለች። ሪማ አትናገርም፤ የልብስ መቆንጠጫ በየቀለሙ ስትደረድር ትውላለች፤ አንዱን ካነሳሁባት ግን ጩኸቷ ሰፈሩን ያናውጠዋል። እንደ እሷ የፈራሁት ነገር አልነበረም። የታናሽ ወንድሜ የመላኩም ጩኸት እንዲሁ ነበርና፣ እሱም አይናገርም ነበርና፣ ልክፍት ነው ብዬ ቆረጥኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ለአውሮፕላኑ ብላ ከሰጠችኝ ጸበል የተረፈውን (አውሮፕላኑ በሰላም ስላረፈ ተርፎ ነበር) በስመ አብ ብዬ ሪማ ፊት ላይ ረጨሁት። ጮኻ ከእጄ አመለጠች። ክፍል ለክፍል ብፈልጋት የለችም። የበረንዳው በር ተከፍቶ ሳየው ሮጬ ወጣሁ። ቁልቁል ለማየት አቅም አጥቼ፣ ብረቱን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን ለመንኩ። ስገልጠው ከታች አንድ አትክልት ሻጭ ጋሪውን ይገፋል።

ያገኘኋት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከማዳሜ ካፖርቶችና ከናፍታሊኑ መኻል ነው፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። የፈራችው እኔን ነበር። አጠገቧ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ማታ ለማዳሜ ስናዘዝ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አለቀሰች። «ሰይጣን የለባትም» አለችኝ፤ «ያኒ፣ ማለቴ፣ ድንገት ሲነኳት፣ ውሃ ሲነካት ያማታል። መጀመሪያ አሳያት፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ። ኸላስ፣ በቃ፣ አንቺም አታልቅሺ።»

ከሳምንት በኋላ ማዳሜ፣ ሪማ በሳምንት ሁለት ቀን ወደምትማርበት፣ ባዳሮ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛኝ ሄደች። አንዱ ልጅ ጆሮው አይሰማም፣ አንዷ ፊደል ይምታታባታል፣ ሌላው ቁጭ ማለት አይሆንለትም፤ እንደ ሪማ ያሉም ነበሩ። አስተማሪዋ እያንዳንዱን እንደየፀባዩ ትይዘው ነበር። እኔ ለሁሉም የነበረኝ ስም አንድ ብቻ ነበር፤ ልክፍት።

ይህን ለመላኩ ይዤ አገሬ ስገባ፣ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በሰው አገር እንዳልደነግጥ ብለው መርዶውን ደብቀውኝ ኖረዋል። እናቴ «ያልወሰድንበት ጸበል የለም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቤይሩት ከመሄዴ በፊት፣ ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድበት እየጮኸ ሲታገል፣ ለአራት ይዘነው ነበር። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።