ሎሎጎ ላይ የምትቆመው ፎቶ

ማናህሎሽ ባሏን እንድትጠረጥር ያደረጋት ባሏ ራሱ በእጇ ያስጨበጣት ነገር ነበር።

ዳምጠው የአንድ የግንባታ ድርጅት ገልባጭ መኪና ይነዳል። ከጁባ ወጣ ብሎ ጠጠር ከሚፈጭበት ቦታ እየጫነ ሎሎጎ በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ ከተማ ይመላለሳል። በዚያ መንገድ ተኩስ የተሰማ ሰሞን ማናህሎሽ እህል አልወርድ ሲላት፣ “እንግዲያው የት እንዳለሁ በዓይንሽ እያየሽ ትውያለሽ” ብሎ ያለበትን ቦታ በዋትሳፕ የሚያሳየውን ነገር ከፈተላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት እሱን ሳይከፍት ሞተር አያስነሳም። የፊቱ ፎቶ በትንሽ ክብ ውስጥ ሆና ካርታው ላይ ስትንፏቀቅ እያየች፣ እሷ ኮሎሎ ሰፈር በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት ሽንኩርቷን ትከትፋለች። ካርታ ማንበብ ማንም አላስተማራትም፤ እየነካካች ለመደችው። “አምላኬ፣ ለዚህም ተመስገን” ትል ነበር። በሰው አገር፣ ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ደግ ሰው ያገኘች ሴት ናትና ማመስገን አይከብዳትም።

ምስጋናው የደፈረሰው በምሳ ሰዓት ነው። እንግዶቹ በልተው ሲነሱ እጇን ታጥባ በመደበኛው መስመር ትደውልለታለች፤ ምሳ መብላቱን ሳትጠይቅ አትውልም። አንድ ቀን እያወራች ካርታውን ብትከፍት የዳምጠው ፎቶ ሎሎጎ ላይ ቆማለች።

“የት ደረስክ?”

“ወደ ገበያው እየገባሁ ነው።”

“ኮንዮ ኮንዮ?”

“አዎ። ጥሩምባው አይሰማሽም? እነዚህ የቦዳቦዳ ሞተር ነጂዎች መንኮራኩሬ ሥር ካልገባን ብለዋል።”

ጥሩምባው ይሰማታል። ጥሩምባ ግን ሎሎጎም አለ። ፎቶዋ ንቅንቅ አላለችም። ስልኩን ከዘጋች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሎሎጎ ተነስታ ገበያው መሀል ዱብ አለች።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ። ስትደውል ሎሎጎ፣ ስትዘጋ ከተማ። በጠረጠረችው መጠን ብዙ ታወራዋለች፤ ብዙ ባወራችው መጠን ፎቶዋ ሎሎጎ ላይ ትቆያለች። አንድ ጊዜ ዳምጠው ያላት ነገር ትዝ አላት፦ “ሎሎጎ ቲና የምትባል ሴት ምግብ ቤት ከፍታለች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል።” ያን ጊዜ ስቃ ነበር። አሁን ያ ሳቋ አናደዳት።

ማረፊያው ውስጥ ምንያህል የሚባል የባንክ ሠራተኛ ይኖራል። ለአንዲት ጓደኛዋ እንደሆነ አድርጋ፣ ካርታው ላይ ያለ ፎቶ ለምን እንደሚቆም ጠየቀችው።

“ጓደኛሽ ባሏን እየሰለለች ነው?” ብሎ ሳቀ።

“አንተ ደግሞ! የጠየቅሁህን መልስ።”

“ሰው ያለበትን መደበቅ ሲፈልግ ዳታውን ያጠፋል፣ እትዬ ማኔ። ፎቶው ባለበት ይቀራል። መልሶ ሲያበራው የደረሰበት ቦታ ላይ ብቅ ይላል።”

“ልክ በተደወለለት ቁጥር?”

“እንደሱ ከሆነማ” አለ ሳቁን ትቶ፣ “ጓደኛሽ ታስብበት።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሆዷ ይዛው ትከርም ነበር። አሁን ግን የፊታችን እሁድ ትዳራቸውን በቁርባን ሊያጸኑ ነው። ንስሐ ገብተዋል፣ ቀኖናቸውን ፈጽመዋል። ከቆረቡ በኋላ ደግሞ እስከ ሞት ነው፤ ሽማግሌ ሰብስቦ መፋታት የለም። ዳምጠውን እንዳትጠይቀው፣ ይጠነቀቃል ብላ ፈራች። ስለዚህ ለንስሐ አባታቸው ለአባ ጸጋአብ ደወለች።

“አባ፣ እሁድ አልቆርብም።”

“ምነው ልጄ? ዳምጠው ያውቃል?”

“አያውቅም። ሌላ ቤት ያለው መስሎኛል።”

“መስሎሽ ነው ወይስ አይተሽ?”

“በዓይኔስ አላየሁም።”

“ጥርጣሬ ይዘሽ እንድትቀርቢ አልፈቅድም፤ በጥርጣሬ ብቻ እንድትቀሪም አልፈቅድም። ነገ አጣርተሽ ንገሪኝ” አሏት።

በነጋታው የምሳውን ነገር አብራት ለምትሠራው ለዶርቃ ትታ፣ በቦዳቦዳ ሎሎጎ ወረደች። የቲና ቤት ዳሱ ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። ደንበኞቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ቲና ድምፀ ትልቅ፣ ቁመተ አጭር ሴት ናት።

“ሐበሻ ነሽ አይደል? ነይ እትዬ፣ እዚህ ጋ ነፋስ አለ። ኔት ትፈልጊያለሽ? ሰው ሁሉ ኔቱን ከእኔ ስልክ ነው የሚጠባው” ብላ ፓስዎርዱን ነገረቻት።

ማናህሎሽ ማረፊያው ዋይፋይ ስላለው ዳታ ሞልታ አታውቅም። ፓስዎርዷን የማትደብቅ ሴት ሌላ ምን ትደብቃለች? አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ፣ ብልጥ ሴት እንዲህ ናት አለች።

ሻይ አዝዛ ካርታውን ከፈተች። ፎቶዋ እየመጣች ነው። የመደወያ ሰዓቷ ደርሶ እጇን በላት፤ ግን ተወችው። ዛሬ በዓይኗ ልታይ ነው የመጣችው። ፎቶዋ የሰፈሩ ዳር ደረሰች። በዚህ መሀል የቲና ስልክ ጮኸ፤ ቲናም አነሳችው። ፎቶዋ ቆመች።

ይኸው! አለች ማናህሎሽ በልቧ። እዚህ እንዳለሁ አወቀ፣ አጠፋው።

በዚያው ቅጽበት ግን የቤቱ ሰው በሙሉ ቀና አለ።

“ቲና! ኔቱ!”

“አንቺ ቲና፣ ኸላስ፣ በቃ ዝጊው!”

“ጎል ሊገባ ሲል!”

“እናቴ ናት!” ብላ ጮኸች ቲና። “እናቴ ላይ ልዝጋባት?”

“ሰላም በያትና ዝጊ! ትናንትም እናትሽ ነበረች!”

ማናህሎሽ ሳቁ መሀል ወደ በሩ ወጣች። ገልባጩ ጠጠሩን ጭኖ አቧራውን እያስነሳ መጣ። ዳምጠው ፊቱን ወደ መንገዱ ተክሎ፣ ወደ ቤቱ ቀና እንኳን ሳይል በፊቷ አለፈ። እጇ ላይ ያለችው ፎቶ ግን ገና የሰፈሩ ዳር እንደቆመች ናት። ቲና ስልኩን ስትዘጋ ፎቶዋ ዘልላ ከመኪናው ኋላ ደረሰች።

“ለምንድን ነው የቆመው?” አለች ማናህሎሽ።

“ኔቱ ነው? አልለመድሽም እንዴ! ሁለት ሲም ነው ያለኝ። አንዱ ለመደወል ርካሽ ነው፣ የሌላው ኔት ጥሩ ነው። በአንዱ ሳወራ ያኛው ይተኛል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያስኬድ ስልክና መስመር አለ ይላሉ፤ ሎሎጎ ግን አልደረሰም።”

ዳምጠውም ሁለት ሲም አለው። ሁለተኛውን ያስገባውም ያለበትን ሊያሳያት ብሎ ነው። ማናህሎሽ ይህን እያወቀች እንኳ በአንድ ጊዜ አላመነችም። ፎቶዋ የሎሎጎን ቤቶች ጨርሳ ስትወጣ ጠብቃ ደወለች። ፎቶዋ እዚያው፣ ከሎሎጎ ውጭ፣ ባዶ መንገድ ላይ ቆመች። እስከዛሬም የቆመችው ቲና ቤት ሳይሆን እሷ ስትደውል እሱ በደረሰበት ቦታ ነበር።

“ወጥ ቤቱ ዛሬ ምነው ጫጫታ በዛበት?” አለ ዳምጠው።

መዋሸት ትችል ነበር።

“ሎሎጎ ነኝ።”

“ሎሎጎ?” ድምፁ ተለወጠ። እሷ ስንት ቀን ይዛው የከረመችው ጥርጣሬ አሁን በእሱ ድምፅ ውስጥ ተሰማት። “ሎሎጎ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ቲና ቤት። አንተን ልይዝ መጥቼ።”

“ታዲያ ያዝሽኝ?”

“በፊቴ አለፍክ። ቀና እንኳን አላልክም።”

“እንዴት ቀና እላለሁ? በየቀኑ ልክ ሎሎጎ ስገባ ትደውያለሽ። የሚያየኝ ሰው አስቀምጣብኛለች ብዬ አንገቴን ማዞር ከተውኩ ሰነበትኩ።”

“ለምን አልጠየቅኸኝም?”

“አንቺስ?”

ማናህሎሽ የቀረውንም አወጣችው፦ “ለአባ እሁድ አልቆርብም ብያቸዋለሁ።”

ዳምጠው መኪናውን ዳር ሲያቆም ሰማችው።

“አሁንስ?” አለ ቀስ ብሎ።

“ጠጠሩን አራግፍና ና። አባ ቤት አብረን እንሄዳለን። እኔ የጠረጠርኩህን በፊትህ እናገራለሁ፤ አንተም የራስህን ትናገራለህ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ይፍቱን እንጂ! እሁድ ቅርብ ነው።”