ያጠፋሁት የጸሎት ርዕስ

ትናንት ጠዋት አሮጌውን ኮምፒውተሬን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሙዲን የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄድኩ። ጃጁራ ከተማ ላለ አንድ ባለሱቅ ልሸጠው ተስማምቻለሁ፤ አቧራውን እንዲያራግፍልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ውስጡን ራሴ አጽድቼዋለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለዓመታት የጸሎት ርዕሳቸውን በሀዲይኛ ይነግሩኛል፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። የባል ነገር፣ የልጅ ነገር፣ የበሽታ ነገር... ለሁሉም የምሰጠው ቃል አንድ ነው፤ ጸሎቱ ሲመለስ ጽሑፉ ይጠፋል። አንድም ሳላስቀር አጥፍቻለሁ፤ የተሰረዘ የሚጠራቀምበትን ሪሳይክል ቢንም ባዶ አድርጌአለሁ።

ሙዲን ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ እርስዎ የቀደዱት ማውጫውን ነው። ገጾቹ እዚያው አሉ።»

የተሰረዘ ተሰርዟል ብዬ ተከራከርኩት። እሱ ግን ዲስኩን አውጥቶ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና የተሰረዘ ጽሑፍ የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳ።

ጥቂት ቆይቶ ጽሑፎቹን ያስቀመጥኩባቸው የሴቶቹ ስሞች በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። ግማሾቹ የጃጁራ ሴቶች ናቸው፤ ሳሙናና ጨው የሚገዙት ኮምፒውተሩን ከምሸጥለት ባለሱቅ ነው።

ሙዲን የሴቶች ስም መሆኑን ሲያይ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረ። «እርስዎ ይዩት። እኔ አላየሁም።»

መካከል ላይ የጓደኛዬ የታደለች ስም ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ከፈትኩት። ከልጇ ጋር ሳትታረቅ እንዳትሞት የጸለየችው ነው፤ ከማረፏ ጥቂት ቀደም ብሎ ታርቀዋል፤ እኔም ያኔውኑ አጥፍቼው ነበር። በአማርኛ ብጽፈውም አነጋገሩ የእሷ ነው፤ ያው ችኮላዋ፣ ያው መደጋገሟ... አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ። እጄን ከማውሱ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ሙዲን ፊቱን ሳይመልስ፣ በዲስኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ እየጻፈ የሚሸፍን ፕሮግራም እንዳለው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አያገኘውም። «ትንሽ ቆይ» ስለው ግን፣ «አንዱን በፍላሽ ላስቀርልዎት?» አለ።

ጽሑፉን እንደገና አነበብኩና ዘጋሁት።

«አይሆንም። ለእሷም የሰጠሁት ቃል ያው ነው።»

ዜሮ መጻፉ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። ምሳዬን ሳልበላ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር መቶ በመቶ እስኪሞላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ያንኑ የፍለጋ ፕሮግራም እንደገና እንዲያስነሳልኝ አዘዝኩት። አንድም ስም አልወረደም።

ለታደለች የገባሁትን ቃል የፈጸምኩት ትናንት ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ፈጽሜዋለሁ ብዬ በሰላም ስተኛ ኖሬአለሁ።